የጨረቴን ድልድይ ማን ሠራው?

የአቶ ጌጡ ወልደሰንበት ቅድመ አያት ፊታውራሪ የሆኑት በ2094 ዓ.ም.፣ በየካቲት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ነው። ከሞቱ መቶ አስራ ስምንት ዓመት አልፏቸው ነበር።

አቶ ጌጡ ሹመቱን ያወቁት መነጽራቸውን አጥልቀው "የኋሊት" ሲገቡ ነው። የኋሊት ታሪክን ያሳያል፣ ያጫውታል፣ ያስነብባል። የማዕዶት ከተማ ሰው ግን ቪዲዮ፣ ጨዋታ፣ መጽሐፍ እያለ አይለያይም፤ "ገባሁ" እና "ወጣሁ" ብቻ ነው የሚለው። አቶ ጌጡ በቀን አርባ ደቂቃ ይገባሉ። ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት ሲጀምሩ ቅድመ አያታቸው ዋሴ ከሥዕሉ ጥግ፣ በጨረቴ ወንዝ ዳር የቆሙ ቀጭን ሰውዬ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት ጫማ አገኙ። በአራተኛው ዓመት ከጥጉ ወደ መሐል መጡ፤ ባላምባራስም ተባሉ። ከዚያ ግራዝማች፣ ከዚያ ቀኛዝማች። አሁን ደግሞ በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጠው፣ በ1949 ዓ.ም. ያሠሩትን የጨረቴን ድልድይ ሲመርቁ ታዩ።

አቶ ጌጡ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ጣራ ወጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልታዬ ጣራ ላይ ንብ ያረባሉ። ንቦቹ መነጽር ስለማይወዱ እሳቸው መነጽር አጥልቀው አያውቁም፤ ስለዚህ በሰፈሩ ውስጥ የኋሊት ገብተው የማያውቁ ብቸኛዋ ሴት ናቸው።

"ቅድመ አያትህ ዛሬ ደግሞ ምን ሆኑ?" አሉ ወይዘሮ አልታዬ፣ የባላቸውን ፊት አይተው።

"ፊታውራሪ!"

"እሰይ። እንዲህ ከቀጠሉ ለፋሲካ ይነግሣሉ።"

ማዕዶት የታሪክ ወዳጆች ከተማ ናት። ታክሲ ተራ ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አንዱ "አሁን የት ነህ?" ይላል፤ ሌላው "1923 ላይ ነኝ፤ ዝናብ በዝቶብናል" ብሎ ይመልሳል። መሥሪያ ቤቶች ከዓመት ፈቃድ ሌላ የዘመን ፈቃድ ይሰጣሉ። በትምህርት ቤት የታሪክ ፈተና ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ታሪኩ አስደስቶሃል?" የሚል። "አላስደሰተኝም" ያለ ተማሪ እንደገና እንዲገባ ይደረጋል። ድልድዩ አጠገብ ማዘጋጃ ቤቱ ያቆመው ሐውልት ፊት የለውም፤ እንደ እንቁላል ለስልሷል። መነጽር ያጠለቀ ሰው ሁሉ ሲያልፍ የየራሱን ቅድመ አያት ፊት ያያል፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ያልፋል። ማንም ከማንም ጋር ስለ ሐውልቱ ተነጋግሮ አያውቅም፤ ምን ያነጋግራል?

አቶ ጌጡ ቀን ቀን ድሮን ይጠግናሉ። ክንፉ የተሰበረ፣ ሽቦ ውስጥ የገባ፣ ልጆች በድንጋይ የመቱት፣ ሁሉም እሳቸው ጋ ይመጣል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ምሥራቅ ትባላለች፣ የአጥንት ሐኪም ናት። ከሁለት ዓመት በፊት እጁ ተሰብሮ የመጣ ኢዮስያስ የሚባል የቧንቧ መሐንዲስ ጠገነች። እጁ ከዳነ በኋላም መመላለሱን አልተወም። አቶ ጌጡ ወጣቱን ወደዱት። አንድ ቀን እሱ ራሱ ድሮን ሲጠግን አይተውት "ይሄ ልጅ እጅ አለው" ብለው ነበር።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ሦስት ነበሩ፤ የሚናገሩት አቶ ልሳነወርቅ የተባሉ ረጅም ሰው ናቸው። አራተኛ ሆነው አብረዋቸው የገቡት ግን የኢዮስያስ አባት አቶ ይርዳው ቸኮል ናቸው። እንደ ወጉ አባት ለልጁ ሽምግልና አይመጣም። አቶ ይርዳው ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው፤ አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ የኋሊት ገብተዋል። የቤተሰብ ታሪክ ይነሣል በተባለበት ቦታ ለመቅረት አልቻሉም።

"ተቀመጡ እንጂ!" አሉ አቶ ጌጡ።

"የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም" አሉ አቶ ልሳነወርቅ። "ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ነው።"

አቶ ጌጡ እሺታቸውን አዘጋጅተው ጨርሰዋል። ግን ቶሎ እሺ ማለት ልጅን ያቃልላል፤ ስለዚህ ጉሮሯቸውን ጠራርገው "እንግዲህ ቤተሰቡን ለማወቅ ያህል..." አሉ።

አቶ ይርዳው የጠበቁት ይህችን ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ።

"ሰባት ቤት አልቆጥርብዎትም። አንዱን ብቻ ልንገርዎት። ቅድመ አያቴ ደጃዝማች ድንቁ ይባላሉ። የጨረቴን ድልድይ ያሠሩት እሳቸው ናቸው።"

 አቶ ጌጡ ቀስ ብለው "የቱን ጨረቴ?" ሲሉ ጠየቁ።

"ስንት ጨረቴ አለ?"

"እኔ የማውቀው አንድ ነው። እሱን ደግሞ ያሠሩት የእኔ ቅድመ አያት ፊታውራሪ ዋሴ ናቸው።"

"ፊታውራሪ?" አሉ አቶ ይርዳው፣ ማዕረጉን በሁለት ጣት እንዳነሡት እያስመሰሉ።

ሁለቱም በመነጽራቸው የሚያዩትን ግድግዳው ላይ አወጡት። በግራ በኩል ፊታውራሪ ዋሴ፣ በቀኝ በኩል ደጃዝማች ድንቁ ድልድዩን መመረቅ ጀመሩ። ሕዝቡ አንድ ነው። ዕልልታው አንድ ነው። ሁለቱም ሰዎች እጃቸውን አንሥተው በአንድ ድምፅ "ወንዝ ሰውን ቢለያይም ድልድይ ያገናኘዋል" አሉ። ፈረሱም አንድ ነው፤ በግራ ጆሮው ላይ ያለችው ጥቁር ነቁጥ እንኳ አልቀረችም።

"ፈረሳችንን ሰርቃችኋል" አሉ አቶ ይርዳው።

አቶ ልሳነወርቅ ነገሩን ለማብረድ አስበው የራሳቸውን መነጽር አጠለቁና "የጨረቴን ድልድይ ማን ሠራው?" ብለው የኋሊትን ጠየቁ።

"በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው!" አለ የኋሊት። "የእርስዎ ቅድመ አያት ስማቸው ማን ነበር?"

አቶ ልሳነወርቅ መነጽሩን አውልቀው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ግን ጊዜው አልፏል። አቶ ጌጡ "ልጄን የሰው ታሪክ ለሚቀማ ቤት አልሰጥም" ብለዋል፤ አቶ ይርዳውም "እኔም ከፊታውራሪ ጋር አልዛመድም" ብለው ወጥተዋል። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ሄዱ።

በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ሁለቱ አባቶች ከመቼውም የበለጠ የኋሊት ገቡ። የኋሊትም ሐዘናቸው የገባው ይመስል አጽናናቸው። ፊታውራሪ ዋሴ ከድልድዩ ሌላ ሁለት ወፍጮዎችና አንድ ክሊኒክ አሠሩ። ደጃዝማች ድንቁ ደግሞ "ዋሴ" የሚባል አንድ ሌባ በገዛ እጃቸው ያዙ። አቶ ይርዳው ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩ።

ምሥራቅ ሦስት ሳምንት ከአባቷ ጋር አልተነጋገረችም። በአራተኛው ሳምንት እሑድ፣ ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ የማገባው ማንን ነው?"

"እንዴ፣ ምን ማለትሽ ነው?"

"ኢዮስያስን ነው ወይስ ድልድዩን?"

አቶ ጌጡ ቀና ብለው አዩዋት። ልጃቸው ዓይኗ ቀልቷል። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የገባቸው፤ ልጅቷ ልትሄድ ትችላለች። ያለ ምርቃት፣ ያለ ሽማግሌ፣ ዝም ብላ።

"ማዘጋጃ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ወረቀት አለ" አሉ ወይዘሮ አልታዬ፣ ሰላጣ እየጨመሩ። "የድሮ ወረቀት። ከይርዳው ጋር ሄዳችሁ አንብቡ። ማን እንደሠራው እዚያ ይኖራል።"

"ወረቀት?" አሉ አቶ ጌጡ። በሕይወታቸው ወረቀት ላይ ታሪክ አንብበው አያውቁም።

ኢዮስያስም አባቱን በበኩሉ ለምኖ አሳመነ። ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሁለቱ አባቶች ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተገናኙና አንገታቸውን ብቻ ነቅነቅ አድርገው ሰላም ተባባሉ።

የወረቀት ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ እልፍነሽ የሰባ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። ሰዎቹን ሲያዩ መጀመሪያ "መጸዳጃ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው" አሉ። ወረቀት ለማየት እንደመጡ ሲሰሙ ግን ተነሥተው ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። የመጨረሻው ጎብኚ የመጣው ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ እሱም ተሳስቶ ነው።

"እጃችሁን ታጠቡ። መነጽር እዚህ ሣጥን ውስጥ። ፋይሉ አንድ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ አብራችሁ ታነቡታላችሁ። ምራቅ እየቀባ ገጽ የሚገልጥ ሰው ካየሁ አስወጣዋለሁ።"

ያኔ ችግር ተፈጠረ። አቶ ይርዳው ያለ መነጽር ከክንዳቸው የራቀውንም የቀረበውንም አያዩም። አቶ ጌጡ ደግሞ ዓይናቸው እንደ ጭልፊት ነው፤ ግን የእጅ ጽሑፍ አይተው አያውቁምና ፊደሉ ሁሉ የጉንዳን መንገድ መሰላቸው። አቶ ይርዳው በአንጻሩ አርባ ዓመት የሐኪም ጽሑፍ ያነበቡ ሰው ናቸው።

ጥቂት ደቂቃ ሁለቱም በየፊናቸው ታገሉ። በመጨረሻ አቶ ጌጡ ሳይወዱ በግድ "አንድ እግሩ የታጠፈ፣ አናቱ ላይ ቀለበት ያለው ምንድን ነው?" አሉ።

"ቀለበቱ በቀኝ ነው በግራ?"

"በቀኝ።"

"እግሩ ወደ ውስጥ ነው የታጠፈው?"

"እንደ አንካሳ ዶሮ።"

"'ሎ' ነው። ቀጥል።" አቶ ይርዳው "አንተ" ማለታቸውን አላስተዋሉም።

እንዲህ እያሉ፣ አንዱ እያየ ሌላው እየፈታ፣ በመጀመሪያ የሠራተኞቹን ዝርዝር አነበቡ። ስልሳ አራት ስም ነበር። ድንጋይ ጠራቢ፣ ሲሚንቶ አቡኪ፣ ውሃ ተሸካሚ ይላል። ከስልሳ አራቱ አንዱንም አያውቁትም። ዋሴም ድንቁም የሉበትም። ሲጨርሱ አቶ ይርዳው "እነዚህ ሰዎች የማን ቅድመ አያቶች ይሆኑ?" አሉ። አቶ ጌጡ ትከሻቸውን ሰበቁ። ስልሳ አራት ሰው ድልድይ ሠርቶ፣ በከተማው ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ስማቸውን አለማንሳቱ አሳፈራቸው።

ቀጥሎ ያለው ወረቀት ማመልከቻ ነበር።

"ለክቡር የአውራጃ ገዥ። እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው የጨረቴ ወንዝ አሻጋሪዎች፣ መንገደኛውን በትከሻችን ተሸክመን በማሻገር ልጆቻችንን የምናሳድግ ነን። አሁን ድልድይ ሊሠራ ነው ሲባል ሰምተን ደንግጠናል። ድልድይ ሰውን ያሰንፋል። ወንዙንም ያስቆጣል። ስለዚህ እንዳይሠራብን። የማይቀር ከሆነም ሰው በማያልፍበት ቦታ እንዲሠራልን በትሕትና እናመለክታለን።"

ከሥሩ ሁለት የጣት አሻራዎች ነበሩ። ከአንዱ ጎን "ዋሴ"፣ ከሌላው ጎን "ድንቁ" ተብሎ ተጽፏል።



"ሌላ ድንቁ ይሆናል" አሉ አቶ ይርዳው በደከመ ድምፅ።

"የአባት ስም ተጽፏል።"

"ምን ይላል?"

አቶ ጌጡ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገሯቸው። አቶ ይርዳው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

የሚቀጥለው ደብዳቤ ከሥራ ኃላፊው የተጻፈ ነው። "ዋሴና ድንቁ የተባሉ ሁለት ሰዎች ለልኬት የተከልነውን ችካል ሦስት ጊዜ ነቅለው ሽሮ አብስለውበታል። ስንጠይቃቸው ወንዙ ወሰደው ይላሉ። ሽሮው ግን ገና ይንተከተክ ነበር።"

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ይርዳው ናቸው። በአፍንጫቸው ነበር የጀመሩት። አቶ ጌጡ ላለመሳቅ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ "ይንተከተክ ነበር" የሚለውን ደግመው ሲያነቡ ግን አልቻሉም። ወይዘሮ እልፍነሽ "ወረቀቱ ላይ እንባ እንዳይፈስ!" ብለው ተቆጡ። ሁለቱም ፊታቸውን ከጠረጴዛው አዙረው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሳቁ።

የመጨረሻው ወረቀት ድልድዩ ከተመረቀ ከሁለት ወር በኋላ የተጻፈ የዋሴና የድንቁ ማመልከቻ ነው። "ድልድዩ ዘበኛ እንደሚያስፈልገው ሰምተናል። ወንዙን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ድልድዩንም ከመጀመሪያው አንሥቶ እንወደው ነበር።" በዳር በኩል በቀይ ቀለም እንዲህ ተጽፏል፤ "ይቀጠሩ። አንዱ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ይቁም። አብረው እንዳይቆሙ።"

አቶ ጌጡና አቶ ይርዳው ከማዘጋጃ ቤቱ ሲወጡ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። መነጽራቸውን ከሣጥኑ መውሰድ ረስተው ተመለሱ። አብረው ምሳ በሉ፤ ሽሮ አዘዙ።

በማግስቱ አቶ ጌጡ የኋሊት ገብተው ያነበቡትን ነገሩት። የኋሊት አልተከራከረም። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ፊታውራሪ ዋሴ በነጭ ፈረስ ላይ ሆነው ችካል ሲነቅሉ አሳያቸው፤ ከበስተጀርባ መለከት ይነፋል፤ "የችካሉ አርበኛ" የሚል ጽሑፍም ወጣ። አቶ ጌጡ ሦስት ደቂቃ ያህል አዩ። ፈረሰኛው ያምራል፣ ቆፍጣና ነው፣ አይፈራም። ግን ሽሮ የሚበላ ሰው አይመስልም። "ወንዙ ወሰደው" ብሎ የሚዋሽም አይመስልም። አቶ ጌጡ ያኛው ሰውዬ ናፈቃቸው። መነጽሩን አውልቀው ሚስታቸው ጋ ጣራ ላይ ወጡ፤ ማር ሲቆርጡም አጋዟቸው። ሦስት ቦታ ተነደፉ።

ሽማግሌዎቹ በድጋሚ መጡ፤ በዚህኛው ጊዜ ተቀመጡ። ሠርጉ ለግንቦት አስራ አራት ተቆረጠ። ሁለቱ አባቶች ግን አንድ ሐሳብ አመጡ። ሙሽሮቹ በመኪና በድልድዩ ላይ አያልፉም። በጨረቴ ውስጥ፣ በትከሻ ይሻገራሉ። የአቶ ጌጡ ልጅ በአቶ ይርዳው ትከሻ፣ የአቶ ይርዳው ልጅ በአቶ ጌጡ ትከሻ።

"አባዬ፣ እንደ ሐኪም ነው የምነግርህ" አለች ምሥራቅ። "ወገብህ ሰው አይሸከምም። ኢዮስያስ ሰማንያ ሁለት ኪሎ ነው።"

"የዋሴ ዘር ነኝ" አሉ አቶ ጌጡ። እንዲህ ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕረጉን አላስቀደሙም።

የሠርጉ ቀን የከተማው ሰው ሁሉ ድልድዩ ላይ ተደርድሮ ቁልቁል ተመለከተ። ውሃው ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል። አቶ ይርዳው ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ሙሽራዋን በትከሻቸው ተሸክመው፣ በጥንቃቄ ድንጋይ ድንጋዩን እየዳሰሱ ሄዱ። ያለ መነጽር ዓይናቸው ስለማያይ ምሥራቅ ከላይ ሆና "ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ" እያለች መራቻቸው። ቬሏ ብቻ ነው የረጠበው። ከኋላቸው አቶ ጌጡ ሙሽራውን ተሸክመው ተከተሉ። እስከ ወንዙ መሐል በሚገባ ሄዱ። መሐል ላይ ግን ድልድዩ ላይ ያለ ሰው "ጀግና!" ብሎ ጮኸ፤ አቶ ጌጡም ማን እንደሆነ ለማየት ቀና አሉ።

ሲወጡ ሁለቱም እስከ ጸጉራቸው ርሰው ነበር። ኢዮስያስ አንድ ጫማውን ወንዙ ወሰደበት። እየሳቀ አማቱን አቅፎ ሳማቸው። ዕልልታው ከድልድዩ እስከ ታክሲ ተራ ተሰማ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ጌጡ ሠርጉን እንደገና ለማየት የኋሊት ገቡ። በቪዲዮው ውስጥ አልወደቁም። እንደ አንበሳ ቀጥ ብለው ተሻገሩ፤ ሕዝቡም አጨበጨበላቸው። ጎረቤቶቻቸውን ጠየቁ። "እንዴት ግሩም አድርገው ተሻገሩ!" አሏቸው ሁሉም። ድልድዩ ላይ ቆመው በዓይናቸው ያዩት ሰዎችም ከሁለት ቀን በኋላ መውደቃቸውን አያስታውሱም።

ያን ቀን አቶ ጌጡ ድሮኖቹን ትተው ወረቀት ፈለጉ። አንድ ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ማክሰኞ ከወይዘሮ አልታዬ ጋር ሆነው፣ አንድ ማሰሮ ማር ይዘው ወይዘሮ እልፍነሽ ጋ ወረዱ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግተው ጮክ ብለው አነበቡት። "ግንቦት 14 ቀን 2094 ዓ.ም. እኔ ጌጡ ወልደሰንበት አማቼን ኢዮስያስ ይርዳውን በትከሻዬ ተሸክሜ ጨረቴን ስሻገር፣ ከወንዙ መሐል ወደቅሁ።" ከዚያ ቀና አሉ። "የዓይን ምስክር አለዎት?"

"እኔ አለሁ" አሉ ወይዘሮ አልታዬ። "ከዳር ቆሜ አይቻለሁ።"

"የተጻፈው ልክ ነው?"

"አይደለም። የወደቀው ሁለት ጊዜ ነው።"

"ሁለተኛው መውደቅ አይባልም" አሉ አቶ ጌጡ። "መንሸራተት ነው።"

"ልጁ በአፍንጫው ነው ውሃ ውስጥ የገባው፤ እግዜር ያውቃል" አሉ ሚስታቸው።

ወይዘሮ እልፍነሽ አልፈረዱም። ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ አቶ ጌጡ መልሰው ገፉት፤ እስክሪብቶውንም ከላዩ አኖሩ። አቶ ጌጡ ሚስታቸውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ወንበሩን ስበው ተቀመጡና "ወደቅሁ" ከሚለው ቃል ፊት፣ ጠባብ በሆነችው ክፍት ቦታ፣ በደቃቃ ፊደል "ሁለት ጊዜ" ብለው ጻፉ።